እሺ ባዩ ወኪሌ

ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩት ግድግዳውን እያየሁ ነበር። መምህሬ «ግድግዳው ጥያቄ ካለው ይጠይቅሽ» ብለው ክፍሉን አሳቁብኝ። ደብረ ብርሃን ሥራ ከያዝኩ በኋላም ስልክ ሲጠራ እስኪያቆም አየዋለሁ እንጂ አላነሳም።

ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ የኤአይ ወኪል ስትጭንልኝ እግዜር ምላስ የሰጠኝ መሰለኝ። መልእክት ያነባል፣ በድምፅ የተላከውን ይሰማል፣ በእኔ ስም ይመልሳል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ይሰርዛል።

«ፈቃድ ብቻ ስጪው» አለችኝ።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። እየመረጥሽ ከሰጠሽውማ እሱም እንዳንቺ ዓይን አፋር ይሆናል።»

ሰጠሁት። መሥሪያ ቤት ላይ አላሳፈረኝም። የሳምንቱን ሪፖርት ሃያ ገጽ አድርጎ ይጽፋል። የአለቃዬ ወኪል ደግሞ ወደ ግማሽ ገጽ ያሳጥርላቸውና «በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥይ» ብሎ ይመልሳል። የእኔው ያመሰግናል። እኔና አለቃዬ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ አንገታችንን ደፍተን እንተላለፋለን። ሥራው ግን እንደ ጉድ ይሄዳል። ምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም እንጂ።

በዚህ ኩራት ላይ ሳለሁ የአክስቴ ዓይን ጉዳይ መጣ። አንኮበር ያለችው አክስቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ናት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት የሰው ፊት መለየት አቅቷታል። ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ለሦስት ቀን ብቻ ደብረ ብርሃን እንደሚመጡ ስሰማ፣ ወኪሌ ተራ ያዘላት። የመጨረሻው ቀን ደረሳት። በዋዜማው መጥቼ እንደምወስዳት ነገርኳት፤ እሷም በድምፅ መለሰች፦

«ተይ ልጄ፣ አትልፊ። መንገዱ ቁር ነው፣ ሥራሽም ይበደላል። የኔ ዓይን ከእንግዲህ ምን ሊያይ ነው? ያየው ይበቃዋል።»

እኛ አገር ይህን የሰማ ሁሉ «ቶሎ ነይ» ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ «በሞቴ» ሲሏት «አይሆንም» ትላለች። ሁለተኛ ሲሏት ዝም ትላለች። በሦስተኛው ነጠላዋን ትፈልጋለች። «በቃኝ» ያለ እንግዳ ፊት እንጀራ በሚጨመርበት ቤት ነው ያደግሁት።

ወኪሌ ግን የተባለውን አመነ። የዋዜማው ቀን ቀትር ላይ ስልኬን ስከፍት «ዛሬ አራት ተግባራትን አጠናቅቄያለሁ» ይላል፤ በየተግባሩ ፊት አረንጓዴ ምልክት አለ። ሦስተኛው ተግባር የአክስቴ ዓይን ነበር። የጻፈላትን አነበብኩ፦ «ክብርት እናታችን፣ ውሳኔዎን እናከብራለን። ጉዞው ተሰርዟል፤ ተራዎንም ለሌላ ታካሚ ለቀናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ደወልኩላት። አላነሳችም። ስልክ አለማንሳት የእኔ ሙያ ነበር።

ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ። አንኮበር ስደርስ አክስቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ፣ እቴቴ።»

«እርስዎ የምትለኝ ናት፣ አንቺ የምትለኝ?»

«አንቺ የምልሽ።»

«እንግዲያው ነይ ሳሚኝ። ጎረቤቴ ስታነብልኝ ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። ‹እናከብራለን› ይላል! ስንት ሆናችሁ ነው?»

«ማሽን ነው የጻፈው፣ እቴቴ። አትልፊ ስትዪ እውነት መስሎት።»

«ሦስቴ መለመን አልተማረም?»

«አልተማረም።»

«አንቺ ግን ተምረሽ ነበር» አለችና ቋጠሮዋን አቀበለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሕክምናው ቦታ ደረስን። መዝጋቢዋ ከዝርዝሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ተለቋል። ቅሬታ ካለሽ በስልክ ጻፊ» አለችኝ። እጄ እንደ ልማዱ ስልኬን አወጣና ጻፈ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልሳለን።» ሐኪሞቹ ማታ ሊሄዱ ነው። እነሱም ወኪል አላቸው ለካ!

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «እኔ ዓይኔን ነው ያመመኝ። አንቺ አፍሽን ምን ነካው?»

ከኋላችን ወረፋው ረጅም ነው። ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ፤ ግማሾቹ እንደማያዩ እንኳ ትዝ አላለኝም። ግድግዳ ፈለግሁ፣ አጣሁ። የሴትዮዋን ፊት እያየሁ ተናገርኩ።

«እህቴ፣ በሞቴ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይሆንም አልኩሽ።»

«በሞቴ፣ ያሳደገችኝ ናት።»

ዝም አለች።

«በሞቴ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ።»

እስክሪብቶዋን ፈለገች። «እስከ ስድስት ሰዓት የቀረ ሰው ካለ አስገባታለሁ። እዚሁ ቁሙ» አለች። አንድ ሰውዬ ቀሩ። ማን «አትልፉ» ብሏቸው እንደሆነ እንጃ።

በማግስቱ እዚያው የምትሠራ ነርስ ፋሻውን ስትፈታላት አክስቴ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ከስተሻል» አለችኝ። ቀጥላ ወደ ስልኬ አገጯን ቀሰረች። «ያ ማሽንሽ ይሄ ነው? ይህችን ታክል!»

ፈቃዱን ሁሉ ነጠቅሁት። «ውሳኔዎን እናከብራለን» አለኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለምነኝ።

«እቴቴ፣ ምሳ እንብላ?»

«ኧረ አልራበኝም።»

ሁለተኛ ጠየቅኋት።