ከስካርቦሮ ወደ ባለአክሲዮኖች ስብሰባ፣ ስለ ሰይድ አንድ ጥያቄ ይዤ

ባለፈው ረቡዕ ከቤት የወጣሁት አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከስካርቦሮ እስከ መሀል ቶሮንቶ በአውቶቡስና በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። እኔ ግን ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ፣ በአንድ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ባለፈው ዓመት ከመሬት በታች ድንጋይ ተናደበት። እዚያው አገር ተቀበረ። ከኩባንያው የመጣልን ደብዳቤ አጭር ነው፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሳይደርሱለት ሕይወቱ አለፈች ይላል። ሌላ ነገር የለበትም። እማ ደብዳቤውን ካነበብኩላት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች። አጠገቡ ሰው ነበር ወይ? እኛ ዘንድ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ብቻውን አይተውም። አጠገቡ ያለው ሰው ሸሃዳውን፣ የእስልምናን የእምነት ቃል፣ ቀስ እያለ ይልለታል፣ እሱም ይከተላል። ለሰይድ ማን አለለት?

እሱ ከሞተ በኋላ የአውስትራሊያን ዜና የማነብ ሰው ሆንኩ። የሲድኒ ገበያ ሲከፈት እዚህ ይመሻል። ከመጋዘን ሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ በስልኬ አየዋለሁ። የወርቅ ዋጋ ወጣ፤ የኩባንያው አክሲዮንም ወጣ። ቀጥሎ አንድ የቶሮንቶ ኩባንያ ሊገዛው ነው ተባለ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተቃወመ፣ ፓርላማ ውስጥም ማዕድናችን ለባዕድ ተሸጠ ብለው የጮኹ ነበሩ። መንግሥት ግን ሽያጩን ፈቀደ። ሰይድ ሠራተኛ በመሆኑ ያገኛት ጥቂት አክሲዮን ወደ ቶሮንቶው ኩባንያ ተቀየረችና በእማ ስም ዞረች። በዚህ ምክንያት የዓመታዊ ስብሰባው ጥሪ ቤታችን መጣ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አውስትራሊያ ያለው የኩባንያው የፐርዝ ቢሮ በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ አነበብኩ። ስለ ሰይድ የጻፍኳቸውና መልስ ያላገኘሁባቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሄዱት ወደዚያ ቢሮ ነው። ከተዘጋ ማንን እጠይቃለሁ?

እማ የውክልናውን ወረቀት ፈረመችልኝ። ሂድና ጠይቅልኝ አለችኝ። የመጣውን መልስ ይዤላት እንድመለስ ብቻ ለመነችኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ሦስት ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም ከካርዴ ተቆረጠና አውቶቡስ ውስጥ ቆምኩ። መቀመጫ የለም። ዝናብ ያካፋል፤ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ደፍኗል። የምጠይቀውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ አራት መስመር። ኬኔዲ ጣቢያ እስክንደርስ አሥር ጊዜ ያህል አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር ይበልጥ ፈራሁ። ብቻውን ነበር ካሉኝስ? እማ ፊት ቆሜ ምን እላታለሁ?

ከኬኔዲ ባቡር ያዝኩ፤ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ላይ አጎቴ ሸምሱ ገቡ። የእማ ወንድም ናቸው፤ ክሬሰንት ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ ይኖራሉ፤ ሥራቸው ታክሲ ነው። ለእኔ ሲሉ የቀኑን ሥራ ትተዋል። ገና ሳይቀመጡ የተዋስኩትን ኮት አዩት።

«ይሄን ኮት ከነባለቤቱ ነው እንዴ የተዋስከው?» አሉኝ። «አንድ ሰው ገና ውስጡ አለ።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ቀጠሉ። ባለአክሲዮን ስለሆንክ ዛሬ ታክሲዬ ውስጥ ከኋላ ልትቀመጥ ይገባህ ነበር፣ ምን ያደርጋል ዳውንታውን ፓርኪንግ የለም አሉ። ከዚያ የኮቴን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉልኝ። እሳቸውም እንደ ፈሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባቡሩ ከብሮድቪው በኋላ ከመሬት ወጥቶ በትልቁ ድልድይ ላይ አለፈ። ከታች ሸለቆው አረንጓዴ ሆኗል፣ መኪኖች ተሰልፈዋል። ቀጥሎ ዋሻው ውስጥ ገባንና ቆመ። መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ተመልሶ በራ። ሰዎች ከስልካቸው ቀና አላሉም። እኔ ግን ዓይኔን ከግድግዳው ጥቁር ሲሚንቶ መንቀል አቃተኝ። ሰይድ ያየው የመጨረሻ ነገር ይህን ይመስል ይሆን? አጎቴ እጄን ያዙኝ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው የቆምነው።

አራት ሰዓት፣ ኪንግ ጣቢያ አካባቢ

ሕንጻው መስታወት ነው። ምድር ቤት ቡና ስድስት ዶላር ከአርባ ይሸጣል። አንድ ገዝተን ለሁለት ጠጣን። ላይ ስንወጣ ግን ቡናም ፍራፍሬም በነጻ ተደርድሯል፤ አጎቴ የታችኛውን ቡና ኪሳራ በአንድ ሙዝ አካካሱ። ደረቴ ላይ የእማ ስም የተጻፈበት ካርድ አንጠለጠሉልኝ።

አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው አይሞላም፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ድምፅ አሰጣጡ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሰብሳቢው የአውስትራሊያው ማዕድን ከተጠበቀው በላይ ወርቅ እንደ ሰጠ ተናገረ። ስክሪኑ ላይ ቀይ አፈር ታየ። ሰይድ ይልክልኝ በነበረው ፎቶ ውስጥ ያለው አፈር ነው፤ ጫማውን ሁልጊዜ ያቀላው ነበር። አንድ ሽማግሌ ስለ ትርፍ ክፍፍል ጠየቁ። ሌላው ስለ ምርጫ ጠየቀ፤ አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት ቢቀየር ግብሩ ይጨምራል ወይ ብሎ። ሌላ ጥያቄ አለ ወይ ተባለ።

ወረቀቱን ዘርግቼ መልሼ አጠፍኩት። አጎቴ ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ።

«ተነሳ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ካልተነሳህ እኔ እነሳለሁ፣ የኔን እንግሊዝኛ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ተነሳሁ። ወረቀቱን ሳላየው ኪሴ ከተትኩት። እንደ መጣልኝ ተናገርኩ።

«ወንድሜ እዚያ ማዕድን ውስጥ ነው የሞተው። እናቴ አንድ ነገር ማወቅ ትፈልጋለች። ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር?»

ሰብሳቢው ሐዘኑን ገለጸ። የመንግሥት ምርመራ ስላላለቀ እዚህ መናገር እንደማይቻል፣ ከስብሰባው በኋላ ግን የሚያነጋግረኝ ሰው እንዳለ ነገረኝ። ተቀመጥኩ። ቀጥሎ የተባለውን አልሰማሁም።

ስድስት ሰዓት ገደማ

መጥታ ያነጋገረችኝ ከፐርዝ ቢሮ ለስብሰባው የመጣች፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ የሆነች ሴት ናት። ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እሷም በወሩ መጨረሻ ሥራዋን ትለቃለች።

«ብቻውን አልነበረም» አለችኝ። «ክሬግ የሚባል የሥራ ባልደረባው አብሮት ተይዞ ነበር። እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር። ይህን አታውቁም እንዴ?»

አናውቅም አልኳት። ደብዳቤዎቼን የያዘው የሕግ ክፍሉ ስለነበር እሷ አላየቻቸውም። ግራ ገባት። ክሬግ አደጋው በደረሰበት ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውሎላችኋል አለች። የሚያነሳው ልጅ በዚህ ስም የምናውቀው ሰው የለም እያለ ዘጋበት፣ በኋላም ስልኩ አልገባ አለው።

ልጁ እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። የሰይድን መሞት መጀመሪያ የሰሙት አጎቴ ናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብና ሽማግሌዎች በማለዳ እስኪመጡ ሁለት ቀን ለእማ ደበቅናት። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከውጭ የሚመጣ ስልክ እማ እንዳትሰማ እኔ እንዳነሳ፣ ምንም እንዳልናገር ታዘዝኩ። በእንግሊዝኛ የሰይድን ስም የሚጠራ ሰው ደወለ። እማ ጓዳ ነበረች። አላውቀውም አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩት። ጋዜጠኛ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለቅሶው መጣና ረሳሁት።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው።

«አታናግር ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ ምን አጠፋህ።»

ክሬግ ቤተሰቡ ከጠየቀ ስልኩን እንድትሰጥ ቀድሞ ፈቅዶላት ነበርና ሴትየዋ ቁጥሩን ጻፈችልኝ። ስልካችንን አሁንም እንደሚጠብቅ ነገረችኝ።

መልስ

ባቡሩ ውስጥ አጎቴ ሌላ ሐሳብ አመጡ። መጀመሪያ እኔና አንተ ብቻ እንደውልለት። ክፉ ነገር ከሆነ የሚነገረውን መርጠን እንነግራታለን። እኔም በልቤ ያንኑ ፈልጌ ነበር። ጮኾ ቢሆንስ? ተሰቃይቶ ቢሆንስ? ቪክቶሪያ ፓርክ ሲደርስ አጎቴ አልወረዱም። እስከ ኬኔዲ ተከራከርን ማለት አይቻልም፤ እኔ አልደብቃትም አልኩ፣ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ለታላቅ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ፐርዝ ከእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀድማል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ሲነጋ ደወልን። እማ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩ። ለምን እንደዘጋሁበት ልነግረው ስጀምር ክሬግ ግድ የለም አለ። የሆነውን ሲነግረን እኔ ተረጎምኩ።

ድንጋዩ የሰይድን ወገብ ይዞት ነበር። ክሬግ እግሩ ብቻ ተያዘ። በክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። ሰይድ አንድ ቃል እየደጋገመ ይል ነበር። ትንፋሹ ሲያጥር አንተ በልልኝ አለው። ክሬግ ትርጉሙን አያውቅም። ግን ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ተከተለው፣ ሰይድ ዝም እስኪል ድረስም አላቆመም።

«በትክክል ብዬው እንደሆነ አላውቅም» አለ ክሬግ። «ልበለው? እናትህ ይስሙት?»

እማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ክሬግ ሸሃዳውን አለ፣ በቀስታ፣ እየተሰናከለ፣ እስከ መጨረሻው። አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትንሽ ነው። እማን ከሐዘን የጠበቅኳት መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቃል ጠብቄያታለሁ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ዋሻ ውስጥ ባቡር ሲቆም አሁንም እፈራለሁ። ስልክ ግን አነሳለሁ።

ክሬግ ሲጨርስ እማ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ከዚያ ለእሱስ፣ ጓደኛው ሲሞትበት፣ ለቅሶ ማን ደረሰው ብለህ ጠይቀው አለችኝ። ለቅሶ መድረስን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው አላወቅኩም። አብሮህ ሊቀመጥ ማን መጣ አልኩት። ክሬግ ማንም አልመጣም አለ።

እማ ከሶፋው ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጠረጴዛው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ወረደችና ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠች።

«በለው» አለችኝ፣ «መጥቻለሁ።»