ከነዕቃቸው የሚነሱት ሰው

ያን አሮጌ የጨርቅ ቦርሳ ከሽማግሌው እጅ የሚያስጥል ሰው ገና አልተፈጠረም። የኦሃዮ ዋና ከተማ ኮለምበስ መሃል ያለው የስቴቱ ምክር ቤት በር ላይ ጥበቃው ሲፈትሸው ፎጣ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና አንድ ጥንድ ካልሲ አገኘበት። መንገደኛ መስለውት አሳለፋቸው።

ልታስተረጉምላቸው የመጣችው ቢታንያ ግን ቤታቸው እዚሁ ከተማ፣ ፎረስት ፓርክ ሰፈር እንደሆነ ታውቃለች።

"ጋሼ፣ መኪና ውስጥ ቢተዉት ምናለ?"

"ልጄ፣ አገር ቤት ጦር ካምፕ ስድስት ዓመት ስታሰር ሰው የሚጠራው 'ከነዕቃህ ውጣ' ተብሎ ነበር። የተጠራው ወይ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ደብዛው ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ ስሜ በሚጠራበት ቦታ ባዶ እጄን ተገኝቼ አላውቅም።"

የዕለቱ ጉዳይ፣ የአሜሪካ ጦር ሰውን ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ሲያስር የኦሃዮ ፖሊስ እንዳይተባበረው የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ነው። ሽማግሌው ለምስክርነት ስማቸው ሲጠራ ከነቦርሳቸው ተነሱ፤ ማይኩ ፊት ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"በምን ተከሰው ነበር የታሰሩት?" ብሎ አንዱ የምክር ቤት አባል ጠየቃቸው።

"እሱን እኔም እስከ ዛሬ እየጠየቅሁ ነው።"

ስለ ካምፑ ማውራት ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢው አቋረጣቸው፤ "የተፈቀደልዎ ሦስት ደቂቃ አልቋል፤ እናመሰግናለን።"

ቢታንያ ይህንኑ ነግራቸው ልትነሳ ስትል፣ ሽማግሌው ቦርሳውን ከጭናቸው አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

"ዳኛ ፊት ሳልቀርብ ስድስት ዓመት የታሰርኩ ሰው በሦስት ደቂቃ አልነሳም፣ በይልኝ።"

ቢታንያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ማይኩንም ሳብ አድርጋ አንድ ቃል ሳታጎድል አለችላቸው።