ኩራዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

የእናንተ የነበረውን ነገር ታናሽ እህታችሁ የራሷ አድርጋ ስታወራው አጨብጭባችሁላት ታውቃላችሁ? እኔ አጨብጭቤያለሁ፤ ባለፈው ወር፣ ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሐይቁ አጠገብ ነበር። ያኔ ሲመሻሽ ከእህቴ ከሰናይት ጋር ወደ ጎረቤታችን ወደ አባባ ላንቃሞ ደጅ እንሮጣለን። አባባ ላንቃሞ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ ፍሙ ላይ ዓሣ እየተጠበሰ፣ እሳቸው የተቀደደ መረባቸውን እየጠገኑ ተረት ይነግሩናል። ብቻቸውን ግን አይተርኩም። መሀል ላይ ሲደርሱ ኩራዙን ለአንዳችን ያስይዙና፣ «እሺ፣ አሁን ጉማሬዋ አንቺ ነሽ። ከሐይቁ የወጣሽው ምን ፈልገሽ ነው?» ይላሉ። መልስ ካልተሰጣቸው ተረቱ አይቀጥልም፤ ዝም ብለው መረባቸውን ይጠግናሉ።

ኩራዙን የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ጉማሬም፣ ጅብም፣ ክፉ እንጀራ እናትም ሆኛለሁ። አንድ ቀን ለሰናይት ቢሰጧት አለቀሰች። «ይቺ ደግሞ ምኗ ጉማሬ ነው!» ብዬ ሳቅሁባት። ከዚያ በኋላ ጨለማው ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ እኔን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

አድጌ ትያትር ልማር ስል አባታችን፣ «የእኔ ልጅ መድረክ ላይ አትንጎራደድም» አሉ። አኩርፌ አገር ለቅቄ ሄድኩ። ሮም ውስጥ የሰው አዛውንት እየተንከባከብኩ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ አረጀሁ። አባታችን ደክመው እምቢ ማለት ሲያቅታቸው ሰናይት ያንኑ ትያትር ተማረች። ትወናው አልሆነላትም። ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ሰው ስታይ ከርማ ልብ ወለድ ጻፈች።

ባለፈው ወር መጽሐፏ በተመረቀበት በዚያ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድ ወጣት፣ «መጽሐፍዎ ውስጥ ብዙ ነገር አይከሰትም፤ ሰዎቹ ግን አልለቅ አሉኝ። እንዴት አድርገው ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ትያትር ትምህርት ቤት ነው ያስተማረኝ» አለች። «ከመጻፌ በፊት ገጸ ባሕርይዋን፣ ‹ምን ፈልገሽ ነው?› እላታለሁ።»

ስለ አባባ ላንቃሞ አንድ ቃል የለም። ስለ እኔም።

ተሰልፌ መጽሐፉን ዘረጋሁላት። ቀና ስትል ብዕሩ ከእጇ ወደቀ። «እትዬ! መቼ መጣሽ?»

«አባባ ላንቃሞን ረሳሻቸው?»

አንገቷን ደፋች። «መጀመሪያ አንብቢው፤ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አነበብኩት። ባለታሪኳ ታላቅ እህት ናት። ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ረጅም ሰዓት ትቆማለች። የምትፈልገው መሄድ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ «አትሂጂ» እንዲላት ነው። ማንም አይላትም።

እውነት ነው፤ አገር የለቀቅሁ ዕለት በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ለማንም ግን ተናግሬው አላውቅም። ያኔ ሰናይት ጓዳው ደፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ለካ የምፈልገውን አውቃዋለች። አውቃ ዝም አለች፤ ዝም ብላ አቆየችው፤ መጽሐፍ አደረገችው። እኔ ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረኝ የጢሱ ሽታ ነው፤ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ስለነበር እሷን አንድም ቀን አላየኋትም።

ማታ ደወለች። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

አልልም። አባቴንም፣ ኩራዙን ያስያዙኝን ሽማግሌም፣ እሷንም፤ ማንንም ይቅር አልልም።