የባለቤቴን ልብስ ያወጣንበት ቀን

የባለቤቴ ሙት ዓመት እንዳለፈ እህቱ ከሁሩታ መጣች። ቁም ሣጥኑን ስከፍት ስዘጋ መክረሜን ሰምታለች። «ዛሬ እናወጣዋለን። ማልቀስም ካለብን አብረን እናለቅሳለን» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

ባለቤቴ አሰላ ውስጥ መምህር ነበር፤ የሰልቫጅ ልብስ ተራን ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል መምህር። ዋጋው ይርከስ እንጂ ልኩ ግድ አይሰጠውም። «ወደፊት እወፍራለሁ» ይለኝ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እንደ ቀጠነ ኖረ።

ለቅሶውን እየጠበቅን ቁም ሣጥኑን ከፈትነው። መጀመሪያ የወጣው ሱሪ ነው። እህቱ ከቀሚሷ በላይ አጠለቀችውና ወገቡን ዘርግታ አየችው። «ነይ ግቢ እስቲ!» አለችኝ። ገባሁ። አንድ አንድ እግር ይዘን ልንራመድ ስንሞክር ሶፋው ላይ ተዘረርን። ሳቁ ያኔ ያዘን። አፌን በከረባት ብይዘው ባሰብኝ። እሷማ ድምፅ አልወጣ ብሏት እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

የእድራችን ዳኛ ጎረቤታችን ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው፣ ሐዘኑ ያገረሸብኝ መስሏቸው፣ ሳያንኳኩ ዘለቁ። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽና...» ብለው ቆመው ቀሩ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሱሪው ደግሞ አልወልቅ አለን። «ይግቡ አባባ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸው አንዴ እኛን፣ አንዴ ሱሪውን ካዩ በኋላ ዓይናቸው ወንበር ላይ በተጣለው ካፖርት ላይ አረፈ።

«ይሄንንስ ለማን አሰባችሁት?»

«ከሆነዎት ይውሰዱት፣ አባባ።»

ለበሱት። እጃቸው ጠፋ፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር ብለው «እስቲ ብርዱ አሁን ይምጣ!» ሲሉ እህቱ በሳቅ መልሳ ወደቀች። እሳቸውም አልቻሉም፤ በእጅጌው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የቀረውን በማዳበሪያ ከረጢት ከተትንና በፈረስ ጋሪ ጭነን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለተጠለሉት አረጋውያን ወሰድን። መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። ከከረጢቱ ሁለት የወንድ ባርኔጣ መዝዘን ደፋን። ባለጋሪው ዞሮ ቢያየን «ሰርግ ነው እንዴ?» አለ።

«አዎ!» አለች እህቱ፣ ሳታመነታ። ፈረሱን በኦሮምኛ አባብሎ አስሮጠልን።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ካለው ልብስ ሁሉ ከረባት መረጡና በጋቢያቸው ላይ እንዳስርላቸው ጠየቁኝ። ጠዋት ጠዋት ለባለቤቴ የማስረው እኔ ነበርኩ። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ቋጠሮውን ግን ቶሎ አልለቀቅሁትም።

«አነሰ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አምሮብዎታል!» አልኳቸው፤ እውነትም አምሮባቸው ነበር።

ስንወጣ እህቱ ራበኝ አለች። ባለቤቴ ካለፈ ወዲህ ሰው እየለመነኝ ነበር የምጎርሰው። ያን ቀን መንገድ ዳር ካገኘናት ምግብ ቤት ገብተን ጥብስ አዘዝን፤ ትሪው ሲቀርብ ቀድማ የተዘረጋችው የኔ እጅ ነበረች።