የጠይብ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ካርዶች

የጠይብን ሞት የነገረችኝ በርበሬ በረንዳ ቅመም የምትቸረችረው እቴቴ ናት። ለልጇ ደብተር ልትገዛ ሱቄ መጣች።

«ያ ጨረቃ ሞተ አይደል?» አለች ደብተሩን እያገላበጠች።

«የቱ ጨረቃ?»

«ወረቀት ሻጩ ነዋ! ጠይብ። ትናንት ከዙሁር በኋላ ቀበሩት። አልሰማህም እንዴ፣ አስናቀው?»

አልሰማሁም። ሦስት ቀን ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ ከርሜ ያን ዕለት ጠዋት መግባቴ ነበር። ትይዩ ያለው ሱቁ ተዘግቶ ሳየው ሳሉ ብሶበት ተኝቷል ብዬ ነበር። ለእቴቴ መልሷን ሰጥቼ ዘጋሁና ወደ ቤቱ ሄድኩ።

ጠይብ አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛ ለቅመም ነጋዴዎች መጠቅለያ ይሸጥ ነበር። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ መሥሪያ ቤቱም ማኅበሩም የድሮ ወረቀቱን በመኪና እያወጣ ጣለ፤ ጠይብም ገዛ። የፋብሪካ ሠራተኞች መጽሔት፣ የትምህርት ቤት ጋዜጣ፣ በስቴንስል የተባዛ የወጣቶች ክበብ ጽሑፍ፣ ሁሉም እሱ ሚዛን ላይ ወጣ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ግን ሳያነብ የሚሸጠው ወረቀት አልነበረም።

አንድ ቀን ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጽሔት ላይ፣ ሠራተኛዋ ባዘነች ቁጥር ጨርቁን አጥቁሮ የሚሸምን ማሽን ታሪክ አገኘ። ሦስት ጊዜ አነበበልኝ።

«አስኔ፣ ይሄን የጻፈው እኮ የዚህ አገር ሰው ነው!»

ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው የሳይንስ ልቦለድ ብቻ ሆነ። ከተበላሹ ደብተሮቼ ልባስ ካርድ እየቆረጠ የታሪኩን ርዕስ፣ የጸሐፊውን ስም፣ መጽሔቱን፣ ወሩንና ገጹን ይጽፋል። ከሥሩ በሁለት መስመር፣ ታሪኩ ምን አዲስ ነገር እንደፈጠረ ያሰፍራል። ካርዱ ሲያልቅ መጽሔቱ ወደ ክምሩ ይመለስና ይሸጣል።

«ለምን አታስቀምጠውም?» አልኩት።

«አስቀምጬ ልጆቼን ምን ላብላቸው? የማርስ ሽሮ?»

ተሸካሚዎቹ «ጠይብ ጨረቃ! እዛ ላይ ሱቅ ተለቀቀ አሉ፣ ኪራዩ ስንት ነው?» እያሉ ያልፋሉ። «ለአንተ አይሆንም፣ ተሸክመህ የምትወጣበት ደረጃ የለውም» ይላቸዋል። ሰፈሩ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

በ1995 ካርዶቹ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ማውጫውን መጽሐፍ ሆኖ ማየት። አንድ ደንበኛው ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩትን ዶክተር ሀብተ ወልድን ሱቁ ድረስ አመጣለት። ዶክተሩ ቆመው ብዙ ካርድ አነበቡ።

«ታሪኮቹስ የታሉ?»

«ተሸጡ፣ ዶክተር።»

«ለማን?»

«ለእርድ። ለበርበሬ።»

ዶክተሩ ሳቁ። ጠይብ አለመሳቁን ሲያዩ አቆሙ። «እነዚህን መጽሔቶች በየትም ቤተ መጻሕፍት አላየኋቸውም። እርስዎ አልፈጠሯቸውም ብዬ እንዴት ልፈርም? ማስረጃ ያምጡና አሳትመዋለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ላጽናናው ብዬ «ፈጥረኸው ከሆነማ ከሁሉም ትበልጣለህ» አልኩት። አንድ ሳምንት አላናገረኝም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት የሸጠውን ወረቀት ሲለምን ኖረ። በርበሬ በረንዳ እየዞረ ያልተቀደደ እስር ካለ ይፈትሻል፣ የሰው ጥቅል ይፈታል። ሴቶቹ እርዱን ደፋህብን ብለው ያባርሩታል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄዶ ጓዳ ውስጥ የአዝሙድ ጥቅል ሲፈታ አገኙትና በሌባ ደንብ ደበደቡት። የፊት ጥርሱ የወለቀው ያኔ ነው። በርበሬውን እየማገ ማሳል ጀመረ፤ ሳሉም አልለቀቀውም። በስምንት ዓመት የአርባ አንድ ታሪኮችን ገጾች አገኘ፤ ቅባት የጠጡ፣ ዳራቸው የቀላ። በድንጋይ ተጭኖ ያቃናቸውና በፌስታል አድርጎ ሱቁ ጥግ ያስቀምጣቸዋል፤ ትንሽ ሲበዙ ለዶክተሩ እወስዳቸዋለሁ ይል ነበር። የሚስቱ የጠሂራ አስም ሽታውን ስለማይችል ቤት አያስገባቸውም።

ለቅሶው ላይ ጠሂራ ካርዶቹን ከአልጋ ሥር አወጣችልኝ። «ለአስናቀው ስጪው ብሏል» አለች።

«ሱቅ ያለው ፌስታልስ?»

የመለሰልኝ አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ፉርቃን ነው። «የሱቁን ወረቀት ትናንት ከቀብር መልስ ሸጥኩት። አከራዩ ቁልፉን ዛሬውኑ አምጡ አለና።»

«ጥግ ላይ የነበረውንም?»

«እሱንም። በርበሬ በርበሬ የሚሸት አሮጌ ወረቀት አይደል እንዴ?»

ጠሂራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፉርቃን ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ እኔም አልነገርኩትም። የገዙትን ሁለት ነጋዴዎች ያንኑ ቀን አገኘኋቸው። አንደኛው ጨርሶታል። ሁለተኛው የቀረውን አሳየኝ፤ የጠይብ ገጾች አልነበሩበትም።

ለዶክተር ሀብተ ወልድ ደወልኩ። አዝነው «ማስረጃው ተገኘ?» አሉኝ። የለም አልኩ።

ካርዶቹ እኔ ቤት ናቸው። ማውጫው አልታተመም። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ታሪኮች መኖሩ የተረጋገጠ አንድም የለም።