የቤተ ልሔም ብር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትርሲት ብር ቤት ወሰደችኝ። «እማማ፣ ያ አሮጌ ድሪሽ ሳጥን ውስጥ ከሚጠቁር አስቀልጠን ጉትቻ እናሠራው» እያለች ስትለማመጠኝ ከረመች፤ የእሷ ልመና መቼም አይቻልም፣ እሺ አልኩ። ባለ ሱቁ የአንገቴን ድሪ ተቀበለና አንዲት ቃል ሳይናገር ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገው። እኔ ደግሞ አሁን ይጠይቀናል፣ አሁን ይጠይቀናል እያልኩ ቆሜ እጠብቃለሁ። ምን እንደምጠብቅ እንድታውቁልኝ ወደ ጋይንት ልመልሳችሁ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ እኔም ሰርጌ የተቆረጠልኝ ኮረዳ ነበርኩ። እናቴ ቀድማ ስላረፈች የምታሰናዳኝ እህቷ የሺ ናት። አክስቴ የሺ አፏ የሚቀድማት፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ሴት ነበረች። በእኛ አገር ሙሽራ እግሯ ላይ የብር አልቦ ሳታደርግ ከወጣች የአማት ወገን ዘፈን ያወጣባታል፤ ያ ዘፈን ደግሞ ከጋብቻው የረዘመ ዕድሜ አለው። ያለው ሰው ጠገራ ብሩን አስቀልጦ ለልጁ አልቦ ያሠራል። እኛ ቤት ጠገራ ብር ቢገኝ ኖሮ መጀመሪያ በሬ ነበር የሚገዛበት።

አንድ ቀን ታዲያ አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ቋጥራ «ተነሽ፣ አልቦሽ ተገኘ!» አለችኝና ወደ አርብ ገበያ ወረድን። ወሩ ጥር ነው። አውድማው ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል፤ እኛም እሸት ሽምብራ እየፈለፈልን፣ አህያ ከሚነዳው ገበያተኛ ጋር እየተጨዋወትን መንገዱ ሳይታወቀን አለቀ።

ብር ሠሪው አያ እንድሪስ ይባላሉ። እስላም ናቸው፤ የአገሩ ክርስቲያን ግን የአንገት መስቀሉን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነበር። አንድ ልማድ አላቸው። ብሩ እሳት ከመግባቱ በፊት «ከየት የመጣ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «እንባ ያለበት ብር አልነካም፤ ብነካውም አይጣበቅልኝ» ይሉ ነበር።

አክስቴ ቋጠሮዋን ፈታ አንድ የተሰበረ የብር ጸናጽል ከነሚንሿሿ ቅጠሎቹ ዘረገፈችው።

«ከየት የመጣ ነው?» አሉ አያ እንድሪስ።

«ከቤተ ልሔም!» አለች አክስቴ፣ ኮራ ብላ።

ያነሱትን ቅጠል እንደ ፍም ጣሉት። አክስቴ አገሩን ማለቷ ነበር፤ ትውልዳችን ጋይንት ቤተ ልሔም ነዋ። ግን በየደብሩ ግቢ መሥዋዕቱ የሚሰናዳበት ቤትም ቤተ ልሔም ነው የሚባለው፤ ይህን ደግሞ አያ እንድሪስ አሳምረው ያውቃሉ።

«አስተግፊሩላህ! አንቺ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ዘርፈሽ ነው ሙሽራ የምታስጌጪ?»

«ወየው ጉዴ! አገሩን ነው ያልኩ፣ አገሩን! ጸናጽሉ የአባቴ ነው!»

አጠገባችን ያሉት በርበሬ ሻጮች ሥራቸውን ትተው በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ልቅሶ አፋፍ ላይ ደርሻለሁ፤ ሰርጌ ደጅ ላይ ቆሟል፣ እግሬ ባዶ ነው። አያ እንድሪስ አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞሽ ልጄ። ባለቤቱ መጥተው በአፋቸው ይንገሩኝ፤ ያኔውኑ እሠራልሻለሁ።»

በተከታዩ ገበያ አያቴ «ብር ሠሪው ይፈልጉዎታል» ተብለው ከእኛ ጋር በበቅሎ መጡ። ቤተ ልሔም ላይ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ቁጣቸውን ተማሪው ሁሉ ይፈራዋል። ያቺ አፈኛ አክስቴ መንገዱን ሙሉ ዝም አለች። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩ።

«መሪጌታ፣ ይህ ብር የአንቱ ነው?» አሉ አያ እንድሪስ።

«የኔ ነው እንጂ! ከገና ጀምሬ ስፈልገው! ሌቦች እያልኩ ተማሪዎቼን ስሰድብ፣ ሁለቱንማ አባርሬ!»

አያ እንድሪስ ወደ አክስቴ ዞሩ። «እንባማ ነበረበት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አክስቴ አያቴ እግር ሥር ተደፋች። «ተሰብሮ የተሰቀለ ነገር ነው ብዬ፣ አባቴ! ለዚች እናት ለሌላት ብዬ!»

አያቴ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ምን ሊሠራላት ነው?»

«ለእግሯ አልቦ» አለች አክስቴ።

«ለእግር? ማኅሌት የቆመ ብር ለእግር? ወግጂ!»

አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን አንዷን ቅጠል አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቋትና ፊታቸው ፈታ አለ። «ለአንገቷ ይሁን። ድምፁ እንዳይጠፋ አድርገህ ሥራው፣ እንድሪስ። አንቺ ግን የሺ፣ የተባረሩትን ልጆች ፈልገሽ ትመልሻለሽ፤ ተማሪዎቼንም ጠላና ዳቦ ይዘሽ ይቅር በሉኝ ትያለሽ!»

አክስቴ ልጆቹን መልሳ ይቅርታዋን እስክታገኝ አያ እንድሪስ እሳት አላነደዱም፤ ቅጠሎቹ የተንጠለጠሉበት ድሪ የደረሰው በሰርጌ ዋዜማ ነው። የአማቶቼ ወገን ባዶ እግሬን አይተው ዘፈኑን አወጡብኝ፤ ያውጡ! እስክስታ ስወርድ አንገቴ ጸናጽል ሆኖ ይመታል፤ እነዚያ የተባረሩት ሁለቱ ተማሪዎች ከሰው ሁሉ በላይ ያጨበጭቡልኛል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባለ ሱቁ የድሪውን ክብደት ነገረን። አላስችል አለኝ።

«ልጄ፣ ከየት የመጣ ነው ብለህ አትጠይቀንም?»

«ምን ያደርግልኛል እማማ? ብር ብር ነው።»

ከሚዛኑ ላይ አነሳሁና እዚያው አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ትርሲት በሃፍረት ቀልታ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ደረጃውን ስንወርድ ድሪው ይጮኻል፤ እሷም መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ ቆም ብላ አንዷን ቅጠል በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«ግን እማማ፣ እውነት ከየት የመጣ ነው?»

«ከቤተ ልሔም!» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።