መርዶ ያረዳው ኒዮን

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ የተነቀለ የኒዮን መብራት ለአንዲት እናት የልጃቸውን መርዶ አርድቷል። አታምኑኝም። ግድ የለም፣ ሚስቴም አላመነችኝም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የማስታወቂያ መብራት ቤት እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ አይቼ ብቻ፣ አለቃዬ እስኪቀናብኝ ድረስ ኒዮን ቻልኩ። አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ትልቅ ሕንፃ የኒዮን ጽሑፉ ሲበላሽ የሚላከው ታዲያ ማነው? እኔ ነኛ! አንድ አርቲስት ያሠራው ጽሑፍ ነው፤ ሎቢውን፣ መግቢያ አዳራሹን፣ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። አንዷ ፊደል ከእኔ ትረዝማለች፣ እኔም አጭር አይደለሁም። በእንግሊዝኛ፣ በቀይ ብርሃን፣ «ያልመጣው ማነው?» ይላል።

እዚያ የሚያጸዱ አንዲት ያገራችን እማማ ነበሩ። ሲያዩኝ «መጣ ቀባጣሪው!» ይሉኛል። ሳላስቃቸው ሄጄ አላውቅም።

አንድ ሳምንት ልጃቸው አገር ቤት አረፈ ተብሎ ለዘመዳቸው ኮል ተደረገ። ሁላችንም ሰማን፣ እሳቸው ብቻ አልሰሙም። መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ይሁን ተባለ፤ ሰው ሁሉ ኦፍ የሚሆነው ያኔ ነዋ። ሽማግሌዎቹ እኔን ለይተው «አንተ፣ አፍህን ያዝ!» አሉኝ።

ሐሙስ ትራንስፎርመር ልቀይር ተላክሁ። ጽሑፉን ስነቅለው ሎቢው ደበዘዘ፤ ውጭ ደመና ነው። እማማ አቧራውን ሊጠርጉ ደረቅ የሱፍ ጨርቅ ይዘው መጡ። ሲወለውሉት ፊደሉ በተሠራበት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ፣ እጃቸው ሥር፣ ቀይ ብርሃን ብልጭ አለ። እጃቸውን ሲያስኬዱ ተከተላቸው።

«ነቅዬዋለሁ አላልከኝም?»

«ነቅዬዋለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድነው?»

አሳምሬ አውቀዋለሁ። የአሜሪካ ክረምት ነው፣ ማሞቂያው አየሩን አድርቆታል፤ ብርጭቆው በሱፍ ሲታሽ ውስጡ ያለው ጋዝ ይበራል። ሌላ ቀን ቢሆን «በሉ ጸበል ይርጩብኝ!» ብዬ በሳቅ እገድላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ትራንስፎርመሬ ዞርኩ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«እንኳን ደህና መጡ ይላል።»

ፊቴን አዩ። «ዛሬ ቀልድህ የት ሄደ?» አሉና መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አሳረፉ። አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጨርቁን አጣጥፈው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከተነቀለ ኒዮን አጠገብ ብቻዬን አልቆምም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አፓርትመንታቸው ደረስን። ከአናንዴል፣ ከስፕሪንግፊልድ የመጣው ሰው ደጃፍ ተኮልኩሎ «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ» ሲባባል በሩ ተከፈተ። እማማ ጥቁር ለብሰዋል። ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል።

«ግቡ» አሉ። «ከሐሙስ ጀምሮ ብቻዬን አለቀስኩ። አሁን አብራችሁኝ አልቅሱ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት በተገናኘን ቁጥር «አንተ ነህ የነገርካቸው» ይሉኛል። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም! የሕንፃው ጥበቃ ቆሞ ያይ ነበር፣ እሱን ጠይቁ። ካልበቃችሁ እማማን ጠይቁ፤ በርክ ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ጋ ናቸው። ማን አረዳዎት በሏቸው። እኔን ከጠሩ ምላሴን ቁረጡት።